ያለ እኔ የምትነሣ ሣጥን

ሀና ማርያም፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለራጉኤል አስረስ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ዋርሶ ብርዱ ጀመረ ወይስ ገና ነው? የሀና ማርያሟ እመቤት በሄድክበት ሁሉ ከፊትህ ትቅደም፣ ከክፉ ሰውም ከጉንፋንም ትሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ። ሰፈራችን ፉሪም ደህና ናት፤ መንገዳችን እንደተቆፈረ ነው፣ የታክሲው ሰልፍም እንደተሰለፈ ነው፣ ተመስገን ነው።

ስልክ ላይ መጻፍ ጣቴ አልታዘዝ ስለሚለኝ ምሳ ሰዓት ላይ የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው ይህን ኢሜይል የምጽፍልህ። ታይፕ የተማርኩት ለምን ሆነና! ደብዳቤ ደግሞ ደግነቱ ማንም አያቋርጠኝም። ገንዘብ ተቀባይዋ ሙፊዳ «እትዬ፣ መጽሐፍ ልታሳትሚ ነው?» ትለኛለች። ትበለኝ። ለማን ነው የምትጽፊው ስትለኝ ለወንድሜ ነው አልኳት። እኔና አንተ የምንገናኘው በአያቶቻችን እንደሆነ ማስረዳት ስለሚደክመኝ፣ ወንድሜ ነህ፣ አለቀ።

አሁን የምሥራቹን ስማ። ልጄ ጸደንያ አርግዛለች! ጥር ላይ ነው የሚሏት። ሀዋሳ መሆኗ ነው እንጂ የከፋው፣ እዚህ ብትሆን በእግሬም እደርስላት ነበር። ባሏ ጆኒ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን አራስ ቤት ውስጥ ወንድ ምን ያውቃል? ሄጄ እኔው ላርሳት ነው። ባለፈው እርግዝናዋ የደረሰባትን አንተም ሰምተሃል። ያኔ እኔ እዚህ ካርድ ሳወጣ ነበር፤ ሌላውን አልጽፈውም። ዘንድሮ ግን ሰማይ ቢናድ ከአጠገቧ አልጠፋም።

የያዘችኝ ያቺ ያንተ ሣጥን ናት። ከመሄድህ በፊት የሠራህልን፣ የክሊኒኩን በሽተኛ ሁሉ ካርድ የያዘችው ጥቁሯ። ዕቃ ክፍል ውስጥ እንደ አራስ ተጋርዳ ተቀምጣለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ እሷ ራሷ ትበራለች፤ መብራቶቿ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ከጀርባ ሆኖ ይሠራል ያልከኝ የካርዱ ፕሮግራም ግን ተኝቶ ይቀራል። እኔ ገብቼ ያስተማርከኝን መስመር ጽፌ ካልቀሰቀስኩት የማንም ካርድ አይወጣም። ይኸው አንተ ከሄድክ ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ከፉሪ እየወጣሁ፣ ከበሽተኛ ቀድሜ እገባለሁ። የዓመት ፈቃድ ወጥቼ አላውቅም። አንዴ ትኩሳት ይዞኝ እንኳ መጥቼ ቀስቅሼ ነው ተመልሼ የተኛሁት።

ለሙፊዳ ላስተምራት ብዬ ነበር። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ቢፍቱ ግን «ፓስወርዱ ከአንድ ሰው አይወጣም፣ የሰው ሕመም ነው የተጻፈበት» አለች። እውነቷን ነው። ፈቃድ ስጠይቃት ምን አለችኝ መሰለህ? «ማሽኗ ያለ አንቺ ስትነሣ በዓይኔ ልይ፤ በማግስቱ ሂጂ።»

እንግዲህ ንገረኝ። በራሷ እንድትነሣ የት ላይ ነው የሚጻፈው?

አባትህ ጋሽ አስረስ ደህና ነው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጀሞ ኮንዶሚኒየሙ ወጥቼ አየዋለሁ። ጉልበቱ ከደረጃው ጋር ተጣልቷል። ስለ አንተ አይጠይቀኝም፤ «ያቺ ማሽን እንዴት ናት?» ነው የሚለኝ። ደውልለት።

እህትህ ብርነሽ


ዋርሶ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017

እትዬ ብርነሽ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ሥራዬ የሰው ማሽን መጠበቅ ነው። አንዱ ሲወድቅ ስልኬ ይጮኻል፣ እነሣለሁ። ስመለስ እንቅልፉ አይመለስም። ከሰዓት በኋላ ሳይጋመስ ይጨልማል።

ለጸደንያ እንኳን ደስ ያላችሁ በዪልኝ። በሰላም ይገላግላት።

ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚያነበው ቃል አለ። «ስታርት» ይላል፣ ፊት ለፊቱ «ኖ» ተብሏል። እኔው ነኝ ያልኩት። ያን ሰሞን መብራቱ ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ሰው አይቶ ይቀስቅሰው ብዬ ነው፤ ለጊዜው። «ኖ»ን አጥፊና «የስ» በዪው።

የሚላክልሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። አባዬን ሰላም በዪልኝ።

ራጉኤል


ሀና ማርያም፣ ኅዳር 3 ቀን 2017

ራጉዬ፣ እጅህ ይባረክ፣ እንጀራህ ይስፋ፣ እንቅልፍህም ይመለስ!

ተነሣች! ልጀምር ከመጀመሪያው። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ መነጽሬን አድርጌ ገባሁ። ያ ቃል ግን የት እንዳለ አልጻፍክልኝም። ስፈልግ ስፈልግ፣ በፕሮግራሙ በራሱ ማስነሻ ጽሑፍ ሆድ ውስጥ «ስታርት» የሚል አየሁ። አጠገቡ «ኖ»! እንደ ጠላት አየሁት። አጠፋሁትና «የስ» አልኩ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ መብራት እልም አለ። ሁልጊዜ «ወይኔ» እንል ነበር፣ ያን ቀን ሁላችንም ደስ አለን። በሽተኞቹ ግራ ገባቸው። መብራት ሲመጣ ሙፊዳ አንድ ቁጥር መታች፣ ካርዱ ፊቷ ላይ ወጣ። እኔ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ! እልል ማለቴን ሲስተር ቢፍቱ መርፌ ክፍል ሆና ሰማች። «ይህ ቀን ላይ ነው። ጠዋት አንቺ ሳትገቢ ስትነሣ ልይ፣ ያኔ እናወራለን» አለች። ይሁን።

ለጋሽ አስረስ ነገርኩት። «በራሷ ነቃች?» አለ። አዎ ስለው ወደ መስኮቱ ዞረ። ደስ ሲለው እንዲህ ነው፤ ታውቀዋለህ።

የሚላክ ላልከው ምንም አትላክልኝ። መልስ ስትልክ ቶሎ ላክ፣ እሱ ይበቃኛል። ደወልክለት ወይ?

ብርነሽ


ሀና ማርያም፣ ኅዳር 20 ቀን 2017

ለራጉኤል፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ያለፈውን ደብዳቤዬን አየኸው? መልስ ስላጣሁ ደግሜ ጻፍኩ። ሥራ ደራርቦብህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ እንደገና ተኝታለች።

ኮምፒውተር የሚያይልን ቴክኒሻን ወጋየሁ መጥቶ «አፕዴት» አደረጋት። አዲስ አድርጌያታለሁ ብሎ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። እሱ በወጣ በማግስቱ መብራት ሄዶ መጣ፣ እሷም ጭልጥ ብላ ተኛች። ገብቼ ባየው «የስ» ያልኩት ቃል «ኖ» ሆኗል! ሰው ነካብኝ ብዬ ሙፊዳን ጠረጠርኳት። «እኔ ያንቺን ሣጥን ልነካ? ማሽኗም አንቺም ትነክሱኛላችሁ» አለችኝ። ሳቅን፣ ግን ደክሞኛል። ዛሬ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከኋላዬ ያለችው ሴት ናት ወደ ፊት የገፋችኝ።

ጸደንያ እግሯ ማበጥ ጀምሯል። «እማዬ፣ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት። አየህ፣ ቃል ገባሁ።

ብርነሽ


ዋርሶ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017

እትዬ ብርነሽ፣

ጤናሽን እመኛለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የወጋየሁም አይደለም። የት ላይ እንደሚጻፍ ሳልነግርሽ ነው የተውኩሽ። የዚያን ዕለት ሥራ ውዬ አድሬ ነበር።

በካርድ ልንገርሽ። ባዶው ካርድ ከማተሚያ ቤት ታትሞ ይመጣል አይደል? አንቺ በታተመው ላይ በእስክርቢቶ ብታርሚ፣ አዲስ እሽግ ሲመጣ እርማትሽ ከአሮጌው ጋር ይጣላል። አፕዴት ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የፕሮግራሙን ጽሑፍ በአዲስ ተካው። የእናንተ ቤት ትእዛዝ የሚጻፈው ለብቻው ነው፣ ማንም በማይተካው ቦታ። «ኢቲሲ» የሚባለውን ፎልደር ክፈቺ። በውስጡ «ዲፎልት» የሚል ሌላ ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ በፕሮግራማችን ስም «ካርድ» የተባለ ፋይል ታገኛለሽ። «ስታርት»ን እዚያ ላይ «የስ» በዪው። ፕሮግራሙ ከራሱ ጽሑፍ ይልቅ ይህን ይሰማል። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ቢታደስ አይጠፋም።

ዲፎልት ማለት፣ ማንም ምንም ሳይለው ሲቀር የሚያደርገው ነገር ማለት ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ራጉኤል


ሀና ማርያም፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017

ለራጉዬ፣

ብርሃን ባጠረበት አገር ብርሃን ይስጥህ። እንዳልከኝ አደረግሁ። «ኢቲሲ» ገባሁ፣ «ዲፎልት» ገባሁ፣ «ካርድ»ን አገኘሁት፣ «የስ» አልኩት። ስለ ባዶው ካርድ የነገርከኝ በደንብ ገባኝ፤ እንዲያውም ለወጋየሁ አስረዳሁት። «እትዬ፣ ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው?» አለ።

ቀን ላይ ሞከርናት፣ ተነሣች። ወጋየሁ አፕዴቱን ደገመው፣ አሁንም ተነሣች። በቃ አልኩ። ትናንት የጠዋቱ ፈተና ነበር፤ እኔ ቤቴ እንድቆይ፣ ሙፊዳ እንድትከፍት ተባለ። ፉሪ ቁጭ አልኩልህ፣ ፀሐይ ስትወጣ ቤቴ ሆኜ ያየሁት መቼ እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ሻይ አፈላሁ። ገና ስኳሩን ሳማስል ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ ነይ! የለችም!»

«እንዴት የለችም?»

«ካርድ ስጠራ ዝም! በሽተኛው እስከ በሩ ሞልቷል፣ አንድ አዛውንት እየተቆጡኝ ነው፣ ነይ!»

በረርኩ። ኮንትራት ታክሲ ይዤ በረርኩ። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ስለሆነ ማንም ገብቶ አላያትም። ከፍቼ ገባሁ፣ እንደ ልማዴ ነካ ነካ አደረግኋት፣ መስመሩን ልጽፍ ስቀመጥ፣ ራጉዬ፣ ምንም ሳልጽፍ ተነሣች! ሙፊዳ ከውጭ «መጣ! መጣ!» ትላለች። እኔን አይታ ነው የተነሣችው። ትስቃለህ፣ እኔ ግን ሌላ ምን ልበል? ለምዳኛለች።

ሲስተር ቢፍቱ ግን አልሳቀችም። «ይኸው፣ ያለ አንቺ አትነሣም» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች። ፈቃዱ ቀረ ማለት ነው። ማታ ጸደንያ ስትደውል ስለ ሌላ ነገር ብዙ አወራሁላት።

ብርነሽ


ዋርሶ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017

እትዬ ብርነሽ፣

ሰላም ለአንቺ። ማሽን ሰው አይለምድም። ሁለት ቀን ስፈልግ ዋልኩ፣ የጻፍሽው ሁሉ ትክክል ነው፤ ለምን ጠዋት ብቻ እንደማትነሣ አልገባኝም። ምናልባት ልቧ እየተቃጠለ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ከዚህ ሆኜ የማደርገው የለኝም፣ እውነቱን ልንገርሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ ስትወጪ የምታደርጊውን ሁሉ፣ የማይረባ የሚመስልሽንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ራጉኤል


ሀና ማርያም፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017

ለራጉዬ፣

ሳታስቀሪ ካልከኝ ራስህ ጠየቅከው እንግዲህ! የአንበሳ ልብ ይስጥህ።

የመጨረሻው በሽተኛ ሲወጣ መጋረጃውን እሰበስባለሁ። ሙፊዳ ሒሳቧን ስትዘጋ ስለ ባሏ ቤተሰብ ታማልኛለች፣ እሰማታለሁ። የተረሳ ነጠላ፣ የተረሳ ዣንጥላ ካለ አነሣለሁ፤ አንዴ ክራንች የረሳ ሰው ነበር፣ እንዴት እንደሄደ እስካሁን ይገርመኛል። ከዚያ ዕቃ ክፍል እገባለሁ። ሣጥኗን አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ደህና እደሪ እላታለሁ፣ ገመዷን ከግድግዳው እነቅላለሁ፣ ጠቅልዬ ላይዋ ላይ አደርገዋለሁ፣ አይጥ እንዳይገባ በሩ ሥር ጨርቁን እጎስራለሁ፣ ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ከዚያ ወደ ታክሲ ሰልፍ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጠዋት ደግሞ ይኸው በግልባጩ።

ገመዱን መንቀል እንኳ ጋሽ አስረስ ነው ያስለመደኝ። አንተ በሄድክ ሰሞን ያኔ ጉልበቱ ደህና ስለነበር ክሊኒክ ድረስ መጥቶ፣ ሣጥኗን ቆሞ ሲያያት ቆየና «መብራት ሲመለስ በጉልበት ነው የሚመጣው፣ ዕቃ ይበላል። ይህች የልጄ እጅ ሥራ ናት። ማታ ማታ ነቅለሽ ሂጂ» አለኝ። አንድም ማታ ረስቼ አላውቅም። ስለዚህ በእኔ በኩል ጉድለት ያለ አይመስለኝም።

ምን አገኘህ?

ብርነሽ


ዋርሶ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017

እትዬ ብርነሽ፣

እግዜር ይስጥሽ። ሥራ ቦታ ብቻዬን ስስቅ አንዱ ፖላንዳዊ ዞሮ አየኝ። ስስቅ አይቶኝ አያውቅም።

ነቅለሻት ነው የምትሄጂው! የተነቀለች ማሽን እንዴት ብላ ትነሣ? ጠዋት አንቺን አይታ አይደለም የተነሣችው፤ ስለሰካሻት ነው። «የስ» ያልሽው ቦታው ላይ ነው፣ ልቧም ደህና ነው። ሌላ ምንም አታድርጊ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደተሰካች ትደር።

አባዬ እንደዚያ ማለቱን አላውቅም ነበር። ክሊኒክ ድረስ መምጣቱንም አላውቅም።

ራጉኤል


ሀና ማርያም፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017

ራጉዬ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ዕቃ ክፍል በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ሙፊዳ ስትመጣ ሁለታችንም እንደገና ሳቅን። እሷ እኮ እኔ ስነቅል በዓይኗ ታየኛለች፤ «መንቀሉም የሥራው መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ነገር ግን ወንድሜ፣ እኔ አልተዋትም። ለጋሽ አስረስ በቃሌ እሺ ብዬዋለሁ። ባልነቅላትና አንድ ማታ መብራቱ ቢበላት ምን ብዬ ደረጃውን እወጣለሁ? ለእሱ ያንተ ነገር ምን ቀረው? ፎቶህና ይህች ሣጥን ናቸው። የአባትን ትእዛዝ የሚሽረው ልጁ ነው፣ የአያት ወንድም የልጅ ልጅ አይደለችም። ደውለህ አንተው ንገረው። እሱ «ትሰካ» ካለ ትሰካለች።

እንዳትቆጣኝ አንድ ነገር ልበል። እናትህ ስታርፍ አልመጣህም። ወረቀትህ በእጅህ እንዳልነበረ እኔ አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ማንም ቂም አልያዘብህም። ግን እሱ ዝም አለ፣ አንተም ዝም አልክ፣ ዓመት በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰህ» ብለህ ስልኩ ላይ ጽፈህ ትልካለህ፤ እኔ ነኝ መነጽሬን አድርጌ የማነብለት። ማንም ምንም ሳይለው ሲቀር የሚያደርገው ነው ያልከኝን ሳስበው ነበር። በእናንተ ቤት «ኖ» ብሎ የጻፈው ማን ነው?

ይኸው አልኩት። እግዚአብሔር ልብህን ያቅናው።

ብርነሽ


ሀና ማርያም፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017

ራጉኤል፣

ዛሬ ብዙ ሰላምታ የለኝም። ሐኪሟ ቀኑ ሊቀድም ይችላል አላት። ልብሴን በፌስታል አድርጌ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። አሁንም ማታ እነቅላለሁ፣ ጎህ ሳይቀድ እሰካለሁ።

ተቆጣኸኝ እንደሆነም ንገረኝና ልወቀው።

ብርነሽ


ዋርሶ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017

ለእትዬ ብርነሽ፣

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሰሽ። አልተቆጣሁም። ስልኩን እያነሣሁ አስቀምጠው ነበር። ትናንት በገና ደወልኩ።

አነሣውና «አቤት» አለ።

«እኔ ነኝ አባዬ። እንኳን አደረሰህ።»

ቴሌቪዥኑ ሲዘፍን ይሰማኛል። ከዚያ «ማሽኗ ተበላሸች?» አለ።

«አልተበላሸችም።»

«ታዲያ ምነው ደወልክ?»

ላስቀው ፈልጌ ነበር፣ አልመጣልኝም። «ብርነሽ ማታ ማታ ትነቅላታለች። ያዘዝካት አንተ ነህ አለችኝ» አልኩት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። መብራት ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ረሳኸው? የእናትህን ፍሪጅ የበላው ማን ሆነና! አንተ እንደሆን እዚያ ነህ። ብትቃጠል ማን መጥቶ ይሠራታል?»

«እውነትህን ነው። ግን ተነቅላ ካደረች ጠዋት ብርነሽ መኖር አለባት። ብርነሽ ከኖረች ደግሞ ወደ ጸደንያ መሄድ አትችልም።»

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩት።

«አለሁ» አለ። «ሰው ወደ ልጁ መሄድ አለበት።»

ቀጠለና «ቴሌቪዥኑ ሥር ስታቢላይዘር አለኝ። መብራቱ በጉልበት ሲመጣ እሱ ይሸከምላታል። ለቴሌቪዥኑ ምን ያደርግለታል፣ የሚታይ ነገርም የለው» አለኝ። ስለ እማዬ እኔ ጀመርኩ፣ እሱ ጨረሰው። የተባባልነውን አልጽፍልሽም።

ከዘጋሁ በኋላ ተኛሁ። ሥራ አልነበረኝም፤ ስልኩም አልጮኸም።

ራጉኤል


ሀዋሳ፣ ጥር 24 ቀን 2017

ለተባረከው ለወንድሜ ለራጉኤል፣

ክበርልኝ፣ ወልደህ ሳም! ሴት ናት! ጸደንያ በሰላም ተገላገለች፣ እኔም አጠገቧ ነበርኩ፣ እጄን ጨምቃ ጣቶቼን ልትሰብራቸው። ስሟን ገና አላወጣንም። ጆኒ በየሰዓቱ አዲስ ስም ይዞ ይመጣል፣ እኛ እናባርረዋለን። ይህን የምጽፍልህ በእሱ ኮምፒውተር ነው፤ ፊደሎቹ ሌላ ቦታ ስለሆኑ ስሕተት ብታይ እለፈኝ።

እንዴት እንደመጣሁ ልንገርህ። የገና ሰሞን አንድ ጠዋት ጋሽ አስረስ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ያን ሁሉ ደረጃ ወርዶ! ጎረቤቱ ጉርሜሳ ስታቢላይዘሩን እንደ ታቦት ተሸክሞ ከኋላው ቆሟል። «ጋሼ፣ በስልክ ብትነግረኝ መጥቼ እወስደው ነበር እኮ» ብለው፣ «ዝም በይ፣ ክፈቺ» አለኝ። ዕቃ ክፍል ገባ፣ እያቃሰተ ተንበረከከ፣ በገዛ እጁ ሰካትና «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነኪያት» አለኝ። እኔም የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ለሲስተር ቢፍቱ አስረከብኩ። ቦርሳዬ ቀለለኝ።

በማግስቱ ፉሪ ቤቴ ቁጭ አልኩ። ሻዬን እስከ መጨረሻው ጠጣሁ። ማታ መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር፣ ስለዚህ ፈተናው እውነተኛ ፈተና ነው። ስልኩ ጮኸ፤ ሙፊዳ ናት፣ «እትዬ፣ የመጀመሪያውን ካርድ የማንን አወጣሁ መሰለሽ? የጋሽ አስረስን! ከእኛ ቀድሞ መጥቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ምን አመመህ ስለው፣ ምንም አላመመኝም፣ ስሜ ይወጣ እንደሆነ እይልኝ አለኝ» ብላ ሳቀች። ሲስተር ቢፍቱም በዓይኗ አየች፤ ፈቃዴን ቆማ ፈረመችልኝ።

ትናንት ለጋሽ አስረስ ደውዬ፣ ቀድሜው «ማሽኗ እንዴት ናት?» አልኩት። «እኔ ምን አውቄ፣ ልጄን ጠይቂው፤ እሁድ እሁድ ይደውልልኛል» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት አለ። ደግ አደረግህ።

እኔ እንግዲህ እዚህም ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ፤ ሰውነቴን ማን ያስረዳው? ስልኬን አነሣና አያለሁ፣ ከክሊኒኩ የደወለ የለም። ጠዋቱ ይነጋል፣ ካርዱ ይወጣል፣ ብርነሽ የት ሄደች ያለ ሰው የለም። የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። ሁለተኛው ቀን ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽህም። ዛሬ ስልኩን ይዤ ጋደም እንዳልኩ ይህንኑ ሳሰላስል፣ ሕፃኗ አለቀሰች። ጸደንያ ደክሟት ተኝታለች።

ተነሣሁ።

እህትህ ብርነሽ